ግድግዳ ሙሉ ቡፌ

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ እናቴ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ መሪ ሰፈር ተዛወረች። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ስለተፈለገ ቀበሌው ቤቱን ከአዲስ ዓመት በፊት እንድታስረክብ ነግሯት ነበር፤ በምትኩ መሪ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። በዚያው ክረምት እኔም በምሠራበት መጽሔት ከዜና ወደ «ቤትና ውበት» ገጽ ተዛውሬ ነበር። የሁለቱ ዝውውር መገጣጠም ትርጉም የለውም። አንድ ላይ የማስታውሳቸው አንድ ላይ ስለሆኑ ብቻ ነው።

ገጹን የሰጠኝ ዋና አዘጋጁ ነው። እኩያዬ ነው፤ ሥራ ስንጀምር አንድ ጠረጴዛ እንጋራ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ የምትጽፈው ሁሉ የቀብር ማስታወቂያ መስሏል» አለኝ። «ስለ ጎርፍ ስትጽፍም፣ ስለ ጤፍ ስትጽፍም አንድ ነው።»

«ስህተት አለበት?»

«ስህተትማ የለበትም። ችግሩ እሱ ነው።»

አልተከራከርኩም። ያን ዓመት በምንም ጉዳይ የተከራከርኩ አይመስለኝም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ምሳ ምን እንደበላሁ ማታ አላስታውስም። አባቴ ሲቀበር አላለቀስኩም፤ ከቀብር መልስም አላለቀስኩም። ዘመዶቼ ጠንካራ ነው አሉ። ጥንካሬ አልነበረም። ብዙ ሰዓት የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ እግሩ እንዳለ ታያለህ፣ ግን ያንተ አይመስልህም።

አዘጋጁ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ክምር የውጭ መጽሔት አወጣ። ሽፋናቸው ሁሉ ነጭ ነው፤ ነጭ ሶፋ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ባሕር ዳር የተቀመጠ ነጭ ወንበር፣ ሎሚ የሞላበት የመስታወት ሳህን።

«እንደዚህ ያለ የፀሐይ ወራት እትም እናወጣለን» አለ። «ቅንጦት። ዲዛይን። ሰው በየቀኑ ከሚያየው ነገር ለቤቱ ሐሳብ የሚያገኝበት።»

«ሐምሌ ነው እኮ» አልኩት። ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ የግቢው ጥበቃ ላስቲክ ተከናንበው የተደፈነውን ቦይ በአካፋ ይከፍታሉ።

«ሰው ሲበርደው ነው ስለ ፀሐይ ማንበብ የሚወደው።»

«የሎሚውን ሳህን የት ያስቀምጠዋል?»

«ጠረጴዛ ላይ! አንተ ደግሞ!»

ለመጀመሪያው ገጽ እንጦጦ ወጣሁ። ከራጉኤል በታች ባለው ዳገት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ተሳላሚው ደግሞ ጠበል የሚቀዳበት ቢጫ ጄሪካን ይዞ ይወጣል። ሸክሙ ጀርባ ላይ እንዳይንሸራተት ገመዱ እንዴት እንደሚታሰር፣ የት ላይ ቢያርፍ እንደሚቀል ከሴቶቹ አንዷን ጠየቅኳት። ቆማ አሳየችኝ። ከዚያ «ፎቶ ካነሳህ አይቀር አንተ ተሸከመውና እኔ ላንሳህ» ብላ ጓደኞቿን አሳቀች። ስለ ገመዱ አስተሳሰርና ስለ ጄሪካኑ እጀታ ጻፍኩ። አዘጋጁ አንብቦ መለሰልኝ።

«ቅንጦት ነው ያልኩህ።»

«ዲዛይንም ብለሃል።»

«ጄሪካን ቤቱ የሌለ አንባቢ አለ? ሰው ማየት የሚፈልገው የሌለውን ነው።»

እናቴ ቤት ቅንጦት ሊባል የሚችል አንድ ዕቃ ነበር፤ ቡፌው። ታሪኩን አሳጥሬ ልንገር። መንግሥት ሲለወጥ አባቴ በድራፍትማንነት ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከተቀነሱት ሠራተኞች አንዱ ሆነ። ያን ክረምት ቤት ዋለ። ኤምባሲ በአትክልተኝነት የሚሠራ ጎረቤታችን የውጭ የቤት ዕቃ ካታሎግ አምጥቶ ነበርና አባቴ አንዱን ፎቶ መርጦ ወረቀት ላይ እንደገና ነደፈው። ከዚያ የሰፈሩን አናጢ ጠራና ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ሊቆም በታሰበበት ቦታ ላይ፣ አብረው ሠሩት። ውጭው ዝናብ ነው፤ ከሳሎን በቀር ደረቅ ቦታ አልነበረም። ሰኔ ላይ ጀምረው ለመስቀል ጨረሱት። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ክረምቱን በሙሉ የቬርኒሽ ሽታ እየሸተተኝ ከረምኩ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚሞላ ቡፌ ነው። ታቹ መሳቢያና ቁም ሳጥን፣ ላዩ ተንሸራታች መስታወት፣ ከውስጥ ጀርባው ደግሞ መልክ የሚያሳይ መስተዋት። አናቱ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ጣውላ አለ፤ አባቴ ራሱ በመሮ የፈለፈለው ነው፤ እኛ ዘውዱ እንለው ነበር። የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አባቴ የግድግዳውን ጥመት ተከትሎ ስለነደፈው የቡፌው ግራ ጎን ከታች ወደ ላይ ትንሽ እየሰፋ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ ይመስላል።

ውስጡ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ የሻይ ስኒዎች፣ አፉን የከፈተ የመስታወት ዓሣ፣ የላስቲክ ጽጌረዳና ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ረጃጅም ብርጭቆዎች ነበሩ። እናቴ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ትከፍተዋለች፤ ዕቃውን አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ በየቦታው ትመልሰዋለች። በተረፈው ጊዜ ቁልፉ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ነው።

አባቴ የሞተ ዕለት ጎረቤቶች ለለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት ሳሎኑን ባዶ አደረጉት። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ ወጣ። ቡፌው አልወጣም። ገፉት፣ አልነቃነቅ ሲላቸው በአንሶላ ሸፈኑት። ለቀስተኛው ሁሉ ጀርባውን ለአንሶላው ሰጥቶ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ቡፌው ከዚያ ቤት መውጣት እንደማይችል ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብን፤ ማንም ልብ አላለውም።

የቀበሌው ማስታወቂያ ሲደርሳት እናቴ ስለ ሰፈሩ አላለቀሰችም፤ ስለ ፎቁ ደረጃም አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሙት ዓመቱን የማወጣው በአዲሱ ቤት ነው» አለችኝ። «ሰው ሲገባ ቡፌው ቆሞ ማየት አለበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሙት ዓመቱ የሚውለው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነበር። ሜትር ገዝቼ መጀመሪያ ቡፌውን፣ ከዚያ መሪ ሄጄ የኮንዶሚኒየሙን ሳሎን ለካሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የለካሁትን አላምንም፤ ተመልሼ ሄጄ እንደገና ለካሁ።

«እማዬ፣ አይገባም» አልኳት።

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«ቁመቱ። የመሪው ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው።»

«ዝቅ ማለት ምን ያህል?»

በእጄ አሳየኋት። እጄን ትክ ብላ አየችው።

«አባትህ የለካው ነገር ተሳስቶ አያውቅም።»

«አባዬ የለካው ይኼን ቤት ነው።»

«ከሞተ ሰው ጋር ትከራከራለህ?» አለችኝና ወደ ማድቤት ገባች። ከዚያ ውስጥ ሆና «ይገባል!» አለች።

ያው ሳምንት አዘጋጁ ሲኤምሲ ላከኝ። አዲስ ቪላ ነው፤ ባለቤቷ ከዱባይ ዕቃ የምታስመጣ ነጋዴ ናት፤ ሳሎኗን ለገጻችን ልታሳይ ፈቅዳለች። እኔና ፎቶ አንሺው ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። ሳሎኑ አዘጋጁ እንደሚፈልገው ነጭ ነው። ሶፋው ነጭ ቆዳ፣ እግሩ ወርቅማ፤ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ ግን አልተነሳለትም። ክሪስታል መብራቱ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ ላስቲክ ውስጥ ነው። ፎቶ አንሺው አንዱን መቀመጫ ሊገልጥ ሲጠጋ ሴትየዋ እጇን ዘረጋች።

«ተው፣ ተው፣ ወንድሜ! ከነላስቲኩ አንሳው።»

«እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንግዳ።»

«እኛ እንግዶች ነን።»

ሳቀች። «እናንተማ ጋዜጠኞች ናችሁ!»

ሻይ የጠጣነው ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት፣ የላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያ ነው። ልጆቿ እዚያ ያጠናሉ፤ ባሏ እዚያ ሸሚዝ ይተኩሳል። ክፍሉ ጠባብና ሞቃት ነው፤ ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ ጥቅስ ተለጥፏል። ከሻዩ በፊት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ለመጽሔታችንም ጸለየች።

«ስለ ላስቲኩ ልጻፍ?» አልኳት ስንወጣ።

«ምን ችግር አለው? ዕቃው ውድ መሆኑ ይታወቃል። ተባረኩ! ብቻ አሳምራችሁ አውጡልኝ።»

ጻፍኩት። አዘጋጁ ላስቲክ የሚለውን ቃል ካለበት ሁሉ አወጣው። ፎቶው ላይ ግን ያብለጨልጭ ነበርና ኋላ እትሙ ሲወጣ አንባቢዎች እየደወሉ ያ የሚያብለጨልጭ የሶፋ ጨርቅ ከየት እንደሚገዛ ጠየቁን።

ከአባቴ ጋር ቡፌውን የሠሩትን አናጢ ፈልጌ ያገኘኋቸው ኮተቤ መንገድ ዳር ነው። አርጅተዋል፤ ወርክሾፑ ግን ይሠራል። ጨርቅ በተጠቀለለበት ሻይ ብርጭቆ እጃቸውን እያሞቁ አዳመጡኝ።

«አባባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሠሩት ግድግዳ ሙሉ ቡፌ ነበር።»

«ልጄ፣ እዚያ ሰፈር ቡፌ ያልሠራሁለት ማን አለ?»

«ይኼኛው ከአባቴ ጋር ነው። ንድፉን የሰጠዎት እሱ ነው።»

«ንድፍማ ሁሉም ይሰጠኝ ነበር!» ሳቁ። «አንድ የኤምባሲ አትክልተኛ ያመጣት ካታሎግ ነበረች፤ ሰፈሩን ሁሉ ባለቡፌ ያደረገችው እሷ ናት። አንዷን ፎቶ ስንት ቤት ሠራኋት! አባትህ የቱ ነው? ረጅሙ?»

«አጭር ነበር።»

«እንግዲያው አላስታውሰውም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ መረጃ ነው የነገሩኝ፤ እኔም እንደዚያው ተቀበልኩት። በእኔ ሥራ የተለመደ ነው፤ ምንጩ ሲገኝ ታሪኩ ያንሳል። ቡፌውን ነቅለው ሊያወጡልን ግን ተስማሙ።

ያወቅኩትን አለመናገር አልለመድኩም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እናቴ ስኒዎቹን በጋዜጣ ስትጠቀልል ነገርኳት።

«ቡፌው ከካታሎግ የተወሰደ ነው አሉ። ሌላም ቤት አለ።»

«እና?»

«የአባዬ ሐሳብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እዚህ ሰፈር ያልገባሁበት ቤት ያለ መሰለህ? ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። አንዳቸውም ዘውድ የለውም።»

ወደ ስኒዎቹ ተመለሰች።

ለመንቀል የመጡ ዕለት አናጢው ቡፌውንና በሩን እያፈራረቁ አዩ። እዚያው ሳሎን ውስጥ የተሠራ እንጂ በበር የገባ ነገር አይደለም፤ ሁለት ቦታ ቢከፈል እንኳ ላይኛው ክፍል በበሩ አያልፍም። ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ መቀደድ አለበት አሉ። እናቴ አልሰማም አለች።

«ይኼን ቤት ስረከብ ግድግዳው ሙሉ ነበር። ሙሉውን ነው የማስረክበው።»

ለቁጥጥር የመጣ የቀበሌ ሠራተኛ ደጃፉ ላይ ጥላውን እያራገፈ ነበር። ወጣት ነው።

«እማማ፣ ባስረከቡ በማግስቱ እኮ ዶዘር ነው የሚመጣው» አላት።

«የዶዘሩን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው የተረከብኩትን ነው።»

«ታዲያ ይኼን ግንብ የሚያክል ዕቃ በምን ያወጡታል? በጸሎት?»

«አንተ ልጅ፣ በጾም ምድር አትቀልድብኝ።»

«ይቅርታ፣ እማማ» አለና ሳቁን ዋጠ። ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። እኔ ዛሬ ሙሉ ሆኖ አይቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እኔ ካየሁት በኋላ ነው።»

ይኼኛው አሳመናት። እስከ ዛሬ ለምን እንዳሳመናት አላውቅም።

ግድግዳው ሲቀደድ ጭቃው ከነጭዱ እየተሸራረፈ ወደቀ፤ ማገሩን በመጋዝ ቆረጡት። ቡፌው ብሎኑ ተፈትቶ ሁለት ቦታ ተከፈለና ከቦታው ተነሳ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ነበር። ቤቱ በዘመኑ ሰማያዊ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ቀለሙ ላይ የአባቴ የእርሳስ መስመሮችና ቁጥሮች አሉ። ሜትሬን አውጥቼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ትክክል ነበሩ። አናጢው ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ምንም አልኳቸው።

ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን እናቴ የወደቀውን ጭቃ ጠርጋ ውጭ ደፋች። ከዚያ የሳሎኑን መጋረጃ አምጥታ የተቀደደው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለች። ዳር ዳሩን ሳበች፣ አስተካከለች፣ ራቅ ብላ አየችው። የቀበሌው ልጅ ደጅ ቆሞ ይመለከታል፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

አይሱዙው በመገናኛ ጭቃ ውስጥ እየተንገጫገጨ አለፈ፤ ያን ጊዜ አካባቢው ለባቡሩ መስመር ተቆፋፍሮ ነበር። እናቴ ጋቢና ውስጥ የመስታወት ዓሣውን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። እኔ ከኋላ ሸራ ሥር ከቡፌው ጋር ነበርኩ። መሪ ስንደርስ ጫኝና አውራጆቹ መኪናውን ከበቡት። አንደኛው ሸራውን ገለጠና ዘውዱን አየ።

«ማዘር፣ ይኼ ምንድን ነው? ታቦት ነው እንዴ?»

«አፍህን ጠብቅ። ቡፌ ነው።»

«ሦስተኛ ፎቅ? ማዘር፣ ይኼን ይዘን ከምንወጣ ሕንፃውን እናውርድልሽ።»

ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የመሪ ሰው ትልቅ ዕቃ የሚያስገባው በገመድ፣ በበረንዳ በኩል ነው። ሁለቱን ክፍሎች በፍራሽ ጠቅልለው አሰሩና ከላይ ጎተቱ። የየፎቁ ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ያዛል። «ወደ ግራ!» ይላል አንዱ። «የማን ግራ?» ይላሉ ከላይ። «የኔ!» እናቴ ታች ዝናብ ላይ ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ቢወድቅ የምትቀበለው ይመስል። የበረንዳው በር ከነመቃኑ ተነቅሎ ቡፌው ገባ።

ገባ፤ ግን አልቆመም። ታችኛውን አስቀምጠው ላይኛውን ሊጭኑበት ሲያነሱት ዘውዱ የጣሪያውን ኮንክሪት ነካ። አዘነበሉት፣ አሽከረከሩት፣ መጨረሻ ላይ ትተውት ሄዱ። ላይኛው ክፍል ሳሎኑ መሃል በጀርባው ተጋድሞ ቀረ። እናቴ መስታወቱ እንዳልተሰነጠቀ በጣቷ እየነካች አየች። እኔም የለካሁትን አላነሳሁም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ እሄድ ነበር። ቡፌው እንደተጋደመ ነው። ዙሪያውን እየዞረች ታልፋለች፤ ሲደክማት ጎኑ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ጣሪያውን ቀና ብላ እያየች ጠየቀችኝ።

«ይኼን ትንሽ ከፍ ማድረግ አይቻልም?»

«እማዬ፣ ከላይ እኮ ሰው ይኖራል።»

«አነጋግራቸዋ።»

ቀልድ ይሁን እውነት ፊቷ ላይ አልተለየኝም። ሙት ዓመቱ ደርሶ ነበር፤ ዘመዱም ጎረቤቱም ተጠርቷል። ድግሱ እንደማይደረግ ልትነግራቸው ነው ብዬ አስቤ ነበር። አልነገረችም። አናጢውን ጥራልኝ አለች።

አናጢው መጋዛቸውን ይዘው መጡ። አንድ ጊዜ አይተው ጨረሱ።

«ቀላል ነው፣ እትዬ። አናቱ ላይ ያለችውን ጌጥ ላንሳት፤ ይቆማል። ሌላው አይነካም።»

እናቴ በረንዳ ወጣች። ከዚያ እንጦጦ ይታያል፤ ያን ዕለት ግን ደመና ውስጥ ስለነበር የሚታይ ነገር አልነበረም። ቆየት ብላ ተመለሰች።

«ከታች ቁረጡት።»

«እትዬ፣ ከታች ከቆረጥኩት መሳቢያው የለም፣ ቁም ሳጥኑም የለም። የሚጠቅመው እኮ የታቹ ነው።»

«የሚጠቅመውን ቁረጡት።»

አናጢው እኔን አዩኝ። መጋዙን አቀበልኳቸው። ታችኛውን ክፍል ገለበጥነው፤ አናጢው ምልክት አደረጉበትና አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እናቴ። መጋዙ ሲሄድ የጣውላው ንዝረት በክንዴ አልፎ ጥርሴ ድረስ መጣ። ያን ዓመት የተሰማኝን ነገር ብጠየቅ ይኼን እጠቅሳለሁ፤ ሌላ የማስታውሰው የለም። የዋንዛ ጣውላው ዱቄት በእናቴ ጥቁር ቀሚስ ላይ ሲያርፍ አላራገፈችውም።

ቆመ። ዘውዱና ጣሪያው መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ቀረ። የታችኛው ቁም ሳጥን ልጅ የማይገባበት ቀጭን ሳጥን ሆነ፤ መሳቢያዎቹን አናጢው ይዘዋቸው ሄዱ። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ደግሞ የቡፌው ግራ ጎን ጥመት አፍጥጦ ወጣ። እናቴ ስኒዎቹን፣ ብርጭቆዎቹን፣ ዓሣውን በየቦታቸው አስቀመጠች። አንድም አልተሰበረም።

የፀሐይ ወራት እትማችን የወጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሎሚው ሳህን አለ። አንድ ቅጂ ለእናቴ ወስጄላት ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርጋ የሲኤምሲውን ሶፋ አየችና «ላስቲኩን ሳያነሱ ነው እንዴ ፎቶ ያነሱት?» አለች። ያስተዋለች ብቸኛ አንባቢ እሷ ናት።

ለሙት ዓመቱ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ በልተው ከሄዱ በኋላ ጎረቤትና ዘመድ ገባ። ከድሮው ሰፈር የመጡት ደረጃውን እያማረሩ ነው የሚገቡት፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቡፌውን ያዩና «እሰይ፣ ይኼው ቆሟል!» ይላሉ። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ቦታ ትሰጣቸዋለች። አናጢውም መጥተው ነበር፤ ጥግ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ።

መጨረሻ ላይ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ገቡ። እሳቸውም ድራፍትማን ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር አብረው የተቀነሱ። ሳህን ተሰጣቸው፤ ግን አልተቀመጡም። ቡፌው ፊት ቆመው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ፤ ከዘውዱ ጀምረው ቁልቁል፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ አዩት።

«እሱ ሲሠራው ከፍ ያለ ነበር መሰለኝ» አሉ።

አጠገባቸው የነበሩት ሰዎችም ወደ ቡፌው ዞሩ። አናጢው ጉርሻቸውን አፋቸው ድረስ አድርሰው ያዙት። እኔ መልሱን በሜትር አውቀዋለሁ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ።

«አይ፣ ጋሼ» አለች። «ቤቱ ነው ዝቅ ያለው።»

ሰውየው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት ሞከሩ፤ ጥቂት ነው የቀራቸው።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ቤቱ ነው።»

ከዚያ ለእንግዳ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሳህናቸው ላይ ያለው ወጥ መቀዝቀዙን አይታ ተቀበለቻቸውና ትኩስ ልትጨምርላቸው ወደ ማድቤት ገባች።